የማይቆሽሽ ፊልትሮ

እህቴን ፋብሪካ ውስጥ «ወይዘሮ ፊልትሮ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለማሾፍ ነው፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ሥራዋ የማሽኖቹን ዘይት የሚያጣሩትን ፊልትሮዎች መከታተል ነው። ጠዋት ጠዋት ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በየማሽኑ ትዞራለች፤ የዘይቱን ግፊት የሚለካውን ጌጅ ጠረግ ታደርግና ቀስቱን ታያለች። ፊልትሮው ቆሻሻ በያዘ ቁጥር ቀስቱ ከአረንጓዴው ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ ቀዩ ጋ ሳይደርስ ትቀይረዋለች። አሮጌውን ግን በዋዛ አትጥለውም። በመጋዝ ቆርጣ ትከፍተዋለች፣ የታጠፈውን ወረቀት ትዘረጋለች፣ ዝቃጩን በጣቶቿ መሃል ታሸዋለች። ከዚያ የማሽኑ ምኑ እየተበላ እንደሆነ ትነግርሃለች። እኔ ታላቅ ወንድሟ ብሆንም እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

ዕቃ ግምጃ ቤት ቆማ ፊልትሮ ስታድል ዓመታት ከርማ፣ ለምና ተከራክራ ነው እዚህ ቦታ የደረሰችው።

እኔ የምሠራው ቆርቆሮ በሚቀርጸው ትልቁ ፕሬስ ላይ ነው። በቅርቡ ቀስቱ ከአረንጓዴው ፈቀቅ አልል አለ። እኔም «ማሽን እንደ ያዡ ነው» እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ሰነበትኩ። እሷ ግን ባየችው ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

«ወንድምዬ፣ ይሄ ነገር አልጣመኝም።»

«ንጹሕ ነው እኮ! ንጽሕናም ያስቀይማል?»

«የሚያጣራ ነገር መቆሸሽ አለበት። ካልቆሸሸ ሥራውን ትቷል ማለት ነው። አጥፋው።»

ሥራ ተደራርቦብን ጥድፊያ ላይ ነበርን። «አጥፋው» ስትል ሰምቶ ፎርማኑ እየሮጠ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ ሲቆምበት ግን ደሙ ይፈላል።

«እሺ ይቁም፤ ምንም ካልተገኘ ግን ወደ ግምጃ ቤትሽ ትመለሻለሽ» አላት።

«በቃ ተዪው» ልላት አፌን ስከፍት፣ ራሷ ማጥፊያውን ተጫነችው።

ፊልትሮው ወጣ፤ ሰው ከበባት። ቆርጣ ስትከፍተው ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። ዘይቱ ሳይጣራ በቀዳዳው እያለፈ ነበር የከረመው፤ ቀስቱ ምን ብሎ ይነሣ! ከሥር ከቀረው ዝቃጭ ቆንጥራ ጨርቋ ላይ አሸችው። ቢጫ ነገር ብልጭ ብልጭ አለ። ማግኔት አስጠጋች፤ አልተሳበም።

«ብረት አይደለም፣ ነሐስ ነው። ነሐስ ያለው ዘይቱን በሚገፋው ፓምፕ ውስጥ ነው፤ መበላት ጀምሯል። ገና ነው፣ ይተርፋል» አለች።

ፎርማኑ ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ።

«ፓምፑን አውርዱ» ብሎ አዘዘ። ቀጥሎ ወደ እሷ ዞሮ፣ «አንቺም ከዚህ ሥራ የትም እንዳትሄጂ» አለ።

ኩራቴን የት ላስቀምጠው! «እህቴ ናት» እያልኩ፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ስናገር፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ማሽን ድምፁ ጠፋ። ባለማሽኑ ማንም ሳያዘው ነው ያጠፋው።

«እህት ዓለም፣ የኔም ቀስት አረንጓዴው ላይ ተኝቷል፤ እስቲ ነይና እዪልኝ» አላት።

ከእሱ ወዲያ ያለውም አጠፋ፤ ከዚያም ሌላው። ፎርማኑ ሊቆጣ ብሎ ተወውና መንገድ ለቀቀላት። ያ ሲጮኽ የሚውል ፋብሪካ ጸጥ ብሎ እህቴን ይጠብቅ ጀመር።