በበረዶ ውኃ የታጠቡት ጠርሙሶች

አክስቴ ቢቢያኔ ሰው ስትወድ ዕቃውን ታጥባለች። አጎቴን ባገባች በሦስተኛው ቀን የጀልባውን ወለል በሳሙና ፈትጋ፣ ስንት ዓመት አቆስጣ የምንለውን የባሕር አውሬ ደም የጠጣውን እንጨት እንደ ገበታ አጸዳችው። እሱም እዚያው ላይ ተንሸራቶ የፊት ጥርሱን ሰበረ። እስኪሞት ድረስ በሳቀ ቁጥር ክፍተቱን በጣቱ እያሳየ ይወቅሳት ነበር። ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ በኋላ የደረሰብን ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚሁ አመሏ ነው።

ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ነው። ወጣትነቷን በዓሣ ፋብሪካው ጨረሰች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የወሽመጣችንን ውኃ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ሥራ ሰጧት። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሳምንቱ ትወጣለች፤ ጀልባውን የምነዳው እኔ ነኝ። ምልክት ያደረግንበት ቦታ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋለሁ፤ እሷ ከስልሳ ሜትር ጥልቀት ውኃ ትስባለች። ጠርሙሱን በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃ ትሞላለች፣ ትከድናለች። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሃያ አንድ በጋ ሳታዛንፍ ጠብቃዋለች። ብርዱ ሲብስብኝ፣ አንዴ ካለቀለቅሽው አይበቃም ወይ ስላት፣ "አንተ ፊትህን በዓመት አንዴ ስለምትታጠብ ለጠርሙስም የሚበቃ ይመስልሃል" ትለኛለች።

ከጠርሙሱ ውስጥ የሚፈለጉት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ናቸው። መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ግን ዓሣ አጥማጅ ነኝና ነገሩ ቶሎ ገባኝ። እነሱን ሽሪምፕ ይበላቸዋል፣ ሽሪምፑን ዓሣ፣ ዓሣውን አቆስጣ፣ አቆስጣውን እኛ። ድሮ የበረዶ ግግሩ እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ቆሞ ሳለ፣ የሟሟው ውኃ ከሥሩ እየፈላ ሽቅብ ሲወጣ የጥልቁን ምግብ ይዞ ይመጣ ነበር። ወፎቹ እዚያ ላይ ሲንጫጩ ከመንደር ይሰማል። አሁን ግግሩ አፈግፍጎ የብስ ላይ ወጥቷል፤ ውኃው የሚመጣው ጭቃ በተሸከመ ወንዝ ነው። ከጨው ውኃ ስለሚቀል ከላይ ተኝቶ ብርሃኑን ይከለክላል። በብርሃን የሚኖሩት ረቂቆች ከሥሩ በረሃብ ይመነምናሉ፤ ወንዙ ያመጣውን ጥራጊ የሚበሉት ደግሞ ይበዛሉ። የምናወጣው ዓሣ ከዓመት ዓመት የሚያንሰው በዚህ ይሁን በሌላ የሚነግሩን ጠርሙሶቹ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የአክስቴን እጅ መንደሩ ሁሉ ያምነው ነበር።

እንግዲህ ስለ ኡሎሪያቅ ልንገራችሁ፤ በዚህ ስም የሚጠሩት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የአክስቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ሲሄድ የባሕሩ በረዶ ከነውሾቹ ከዳውና ሰጠመ። በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤት ሴት ልጅ ተወለደችና እንደ ወጋችን ስሙ ለእሷ ተሰጠ። ስም ሲሰጥ የሞተው ባለቤቱም አብሮ ይመለሳል ብለን እናምናለን። አክስቴ በዚያኑ ቀን የሕፃን ጓንት ሰፍታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷን "ወንድሜ" ትላታለች፣ "አንተ" ትላታለች። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ደስ ይላት ነበር። ኮፐንሃገን ተምራ ስትመለስ ግን ማፈር ጀመረች። አክስቴን በትሕትና "እርስዎ" እያለች፣ ራቅ ብላ ትቆማለች። አክስቴ አይታ እንዳላየች ታልፈዋለች፤ እኔን ግን አንጀቴን ያቃጥለኝ ነበር።

የሚያቃጥለኝ አክስቴ ለምን እንዲህ እንደምትሳሳላት ስለማውቅ ነው። አንድ ቀን ጀልባ ላይ ነግራኛለች። አክስቴ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ የአባቷን ካያክ፣ በቆዳ የተለበጠውን ቀጭን ጀልባ፣ ሰርቃ የሚበላ ዛጎል ለመልቀም ወጣች። ስትመለስ ከፍ ባለው መስቀያ ላይ በመስቀል ፈንታ መሬት ላይ ትታው ገባች። ውሾቹ ቆዳውን በሉት። አባቷ ያንን ያደረገው የዘጠኝ ዓመቱ ኡሎሪያቅ መሰለው፤ በጋውን ሙሉ አደን ላይወስደው ማለ። በዚያ በጋ እኩዮቹ ሁሉ የመጀመሪያ አቆስጣቸውን ገደሉ፤ ድግስ ተደገሰላቸው። ኡሎሪያቅ ከሴቶቹ ጋር ቤት ዋለ። እሷም ትንፍሽ አላለችም፤ ሳትነግረው ሰጠመ።

ባለፈው ዓመት ጥናቱን የተረከበችው ይህችው ልጅ ሆነች። አክስቴ በደስታ መቆሚያ አጣች። ወንዙ ደግሞ በዚያ በጋ ከመቼውም የበለጠ ሞልቶ ወሽመጡን እንደ ጭቃ ጎዳና አደረገው። መሳቢያችን በዚያ ጭቃ አልፎ ስለሚወጣ ጠርሙሶቹ ይቆሽሹ ነበር። "ለወንድሜ እንዲህ ያለ ዕቃ አልልክለትም" አለች።

እኛ የምንጠጣው ከተንሳፋፊ የጥንት በረዶ የሟሟ ውኃ ነው። ከእሱ የጠራ ነገር አናውቅም። ለታመመ ሰው እሱን እንሰጣለን፤ ሽማግሌዎቹማ ለገደሉት አቆስጣ እንኳ፣ ዕድሜውን በጨው ውኃ ውስጥ ተጠምቶ ኖሯልና፣ አፉ ውስጥ አንድ ጉንጭ ያፈሱለታል። አክስቴም በየሳምንቱ ጠርሙሶቹን በዚያ ውኃ ታጥብ ጀመር። በበረዶ ውኃ የታጠበውን መልሶ በባሕር ማለቅለቅ ደግሞ ነውር መሰላትና ሦስት ጊዜ ማለቅለቁን ተወች። በጠርሙሶቹ ውስጥ ከታች ትንሽ የበረዶ ውኃ ይቀር ነበር። አይቼዋለሁ። በረዶውን ፈልጬ እያመጣሁ ማሟሟያ በርሜሏን የምሞላላትም እኔው ነበርኩ።

በመጋቢት ኡሎሪያቅ መንደሩን በመሰብሰቢያ አዳራሹ ሰበሰበች። የአቆስጣ ሾርባና የደረቀ ዓሣ ቀረበ። ከዚያ ተነሥታ፣ ፊቷ በርቶ፣ በበረዶ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ረቂቆች ባለፈው በጋ ስልሳ ሜትር ጥልቀት ድረስ ወርደው መገኘታቸውን ነገረችን። በሃያ አንድ ዓመት ታይቶ አያውቅም። የሟሟው ውኃ ከላይ ይተኛል የተባለው ሁሉ ስሕተት ሊሆን ነው፤ በሚቀጥለው ወር በታላላቅ ሊቃውንት ፊት ቆማ ልትናገር ተጋብዛለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። አባቷ ዓይኑን ጠረገ።

አክስቴ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘችው። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገብቶናል። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብዬ፣ "ዝም በይ፤ ማንም አያውቅም" አልኳት።

"ያኔም ማንም አላወቀም" አለችና ተነሣች።

ጠርሙሶቹን በምን እንዳጠበች፣ ማለቅለቁን እንዴት እንደተወች አንድ በአንድ ተናገረች። የተገኙት ረቂቆች ከባሕሩ ሳይሆን ከገዛ በርሜሏ የመጡ እንደሚሆኑም አልሸሸገችም። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ዞሬ አየሁትና ዝም አለ። ልጅቷ አመድ መስላ ወረቀቶቿን ለሁለት አጠፈች። መቼም የዚያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አክስቴ ግን አልተቀመጠችም።

"ወንድሜ፣ በጋህን ሁለተኛ ጊዜ ቀማሁህ" አለች። "የአባታችንን ካያክ መሬት ላይ የተውኩት እኔ ነኝ። አንተ ተቀጣህበት፤ እኔ ዝም አልኩ። አሁንም ዝም ብል ሰው ፊት የምትዋረደው አንተ ነህ። ሥራውን ከእጄ ውሰደው።"

ልጅቷ ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ ትታ በሰዉ መካከል አልፋ መጣችና አክስቴ ፊት ቆመች። ታለቅስ ነበር፤ ቁጣም ነበረባት፣ አልዋሽም።

"አውቅ ነበር፣ እህቴ" አለቻት። "አባታችን አንቺን ከሚቆጣ እኔን ይቆጣ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ጠርሙሶቹን በሰኔ እንደገና እንሞላቸዋለን።"

አክስቴ ያን ጊዜ ተቀመጠች።

ልጅቷ ሊቃውንቱ ዘንድ አልሄደችም። ሃያ አንዱን በጋ በመስመር አያይዛ በሳለችው ወረቀት ላይ ሃያ ሁለተኛውን ባዶ ተወችው። ወረቀቱ አዳራሹ ውስጥ ተለጥፏል፤ አንዳንድ ተረበኛ ባዶውን "የቢቢያኔ ልብስ ማጠቢያ" ይለዋል። አክስቴም ሰምታ ትስቃለች።

በሰኔ የመጀመሪያው ሳምንት ሦስታችን ወጣን። ሞተሩን አጠፋሁ። አክስቴ ውኃውን ሳበች፤ ጠርሙሱን አለቀለቀችና፣ ልጅቷ እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች። ሞላችው፣ ከደነችው። ከዚያ ከጉያዋ ፔርሙዝ አውጥታ የበረዶውን ውኃ በኩባያ ቀዳች።

"ጠጣ፣ ወንድሜ" አለቻት።

ኡሎሪያቅ ኩባያውን ተቀበለች፤ ግማሹን ጠጥታ ግማሹን መለሰችላት።