በእትዬ አፍንጫ

ከኦሃዮዋ ኮሎምበስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትንሽ እንደተነዳ አንድ ግድብ አለ፤ የእኛ ሰፈር ሰው «ዳሙ» ነው የሚለው። ውሃው ሐይቅ ለመባል ይጠባል፣ ወንዝ ለመባል ደግሞ አይንቀሳቀስም። ግራና ቀኙን ጫካ ይዞታል። በጫካው ውስጥ እግር ያወጣው ቀጭን መንገድ አለ፤ ከውሃው ጋር እየታጠፈ፣ አንዴ እየራቀ አንዴ እየቀረበ፣ ሄዶ ሄዶ ነጫጭ የሸራ ጀልባዎች የታሰሩባት ትንሽ ወደብ ላይ ያበቃል። ኮቪድ በገባ በዓመቱ፣ ከጸደይ እስከ መስከረም፣ በዚያ መንገድ ተመላለስኩበት። ያየሁትን በራሴ ዓይን አየሁ። ያሸተትኩት ግን በእትዬ አፍንጫ ነው።

ነገሩ የጀመረው ብርዱ ሲገባ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ተቃርቤ፣ ሪከንባከር ኤርፖርት አካባቢ ካለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸግሁ ሳለ ኮቪድ ያዘኝ። ሰው እንደሚያወራው አልከፋብኝም፤ ራስ ምታትና ቁርጥማት ነበር፣ እሱም ቀለል እያለልኝ ሄደ። አንድ ቀን ግን ምድጃው አጠገብ ቆሜ ስልክ ሳወራ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት እየሮጠ መጥቶ ድስቱን አወረደ። ሥጋው ከስሏል፣ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ እኔ እዚያው አጠገቡ ቆሜ ምንም አልሸተተኝም። «አፍንጫሽ የት ሄዶ ነው?» አለኝ። ሳቅን እንጂ ሌላ አላሰብንም።

ልጄ ስትወለድ ሳቁ ቀረ። ነርሷ ደረቴ ላይ ስታስቀምጥልኝ ማንም እናት የምታደርገውን አደረግሁ፤ አንገቷ ሥር ገብቼ አሸተትኳት። ምንም የለም። ደግሜ አሸተትኳት። ትሞቃለች፣ ትለሰልሳለች፣ ታለቅሳለች፤ ጠረን ግን የላትም። እህቴ የወለደች ጊዜ ቤቱን ሞልቶት የነበረው የሕፃን ጠረን ትዝ ይለኛል፤ ጎረቤት ሳይቀር ተራ ገብቶ ነበር ሕፃኗን የሚያሸታት። የገዛ ልጄ ግን ከመስታወት ወዲያ ያለች መሰለችኝ። ሐኪሟ «ይመለሳል» አለችኝ። «መቼ?» ብላት ትከሻዋን ሰበቀች። ሕፃን ደግሞ እናቱ እስኪሻላት አይጠብቅም፤ ገና ሳይለበስ ልብሱ ይጠብበታል። ጠረኗን ሳላውቀው ታድግብኛለች ብዬ ፈራሁ። እኔ ስፈራ የምናደድ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ላይ ጮህኩ፣ ስልኩ ላይ ጮህኩ፣ «ዳይፐሯ ሸቷል፣ አትቀይሪላትም?» ያለኝን ሁሉ ጠመድኩ።

ያልጠመድኳቸው እትዬን ብቻ ነው። እትዬ ሞርስ ሮድ አጠገብ ካለው አፓርትመንታችን ውስጥ ከእኛ ሥር ባለው ቤት ይኖሩ ነበር። ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፉ ነበር፤ ሆቴሉ እንግዳ ሲያጣ እሳቸውም ቤት ዋሉ። ዘመድ አይደሉም፤ ግን በዚያ ግቢ የወለደች ሁሉ የእሳቸው አራስ ናት። ገና በሽታው ሳይለቀኝ ሾርባ ይዘው በሩን ሲያንኳኩ ባለቤቴ፣ «እትዬ፣ ይቅርብዎ፤ ፖዘቲቭ ናት እኮ» አላቸው።

«ፖዘቲቭ ሰው ሾርባ አይጠጣም?» ብለው ገፍተውት ገቡ።

አፍንጫዬ መጥፋቱን ስነግራቸው አልደነቃቸውም። «ኮቪድ የምትሉትን እናንተ ታውቁታላችሁ። ይሄ ግን ምች ነው» አሉ። «ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትሽ ፀሐይ ላይ ወጥተሻል።»

«እትዬ፣ ኦሃዮ ውስጥ በዲሴምበር የምን ፀሐይ አለ?»

«የዚህ አገር ፀሐይ ሳይታይ ነው የሚመታው።»

መስኮታቸው ላይ በቀለም ባልዲ ያበቀሉት ዳማ ከሴ ነበራቸው። ከወለድኩ በኋላም በየቀኑ እየመጡ ቅጠሉን በመዳፋቸው ጨምቀው አፍንጫዬን ያሹኛል። በመዳፋቸው የተረፈውን ደግሞ ዞር ብለው የራሳቸውን አፍንጫ ያሹበታል። ምንም ነገር የማይጥሉ ሴት ስለሆኑ፣ እንዳይባክን ነው ብዬ አለፍኩት።

ልጄ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ከደጅ አላስወጡኝም። ከዚያ በኋላ ግን «ጫካ እንሂድ» ያሉት ራሳቸው ናቸው። «ቤት ተቀምጦ አፍንጫ ምን ይሠራል? ሥራ ሲያገኝ ይነቃል» አሉ። ባለቤቴ ዴሊቨሪ ይነዳ ነበርና ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ ዳሙ ላይ ጥሎን ይሄዳል፣ በምሳ ሰዓት መጥቶ ይወስደናል። «ስትጨርሱ ኮል አድርጉልኝ፤ የምሳ ብሬኬ አጭር ናት» ሳይል ሄዶ አያውቅም።

መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። እትዬ ልጄን አዝለው ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ስለዚህ የዚያን ጸደይ ነገር ሁሉ የማስታውሰው ከልጄ ራስ ማዶ ነው፤ መጀመሪያ ከፊቴ የምትነቀነቅ ትንሽ ራስ፣ ከእሷ ወዲያ ዛፍ፣ ከዛፉ ወዲያ ውሃ።

ጠዋት ጠዋት ጉም ውሃው ላይ ይተኛል። ጀልባዎቹ ከሥራቸው ምንም ሳይኖር አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ገመዳቸው ምሰሶውን ሲነካው ኪል ኪል የሚለው ድምፅ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ፣ ወደቧ ገና ሳትታየን ጫካው ውስጥ ይደርሰናል። እግረ ረጅሙ ግራጫ ወፍ ውሃው ውስጥ እንደቆመ ሐሳብ ይዞታል። ኤሊዎች በወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እትዬ ሁልጊዜ «እንደምን አደራችሁ» ይሏቸዋል፣ አንዷ ተንሸራትታ ውሃ ከገባች «ይቺ ተቀየመች» ይላሉ። ከተማው የሚጠጣው ከዚህ ውሃ መሆኑን የነገርኳቸው ቀን ኤሊዎቹን ትክ ብለው አይተው «ከእነሱ ጋር ነዋ የምንጠጣው» አሉ። ሌሊቱን ከልጅ ጋር ስነቃ ስለማድር እየተራመድኩ የማንቀላፋ ይመስለኝ ነበር። የቱን እንዳየሁት፣ የቱን እንዳለምኩት ዛሬም አልለየውም። አንድ ማለዳ ከጉሙ ውስጥ አጋዘን ወጥታ፣ ልጄን አይታ፣ ተመልሳ ገብታለች። እትዬ ግን «የምን አጋዘን?» ነው የሚሉት።

ከዚያ ሁሉ የጎደለኝ ሽታው ብቻ ነበር። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ምን ይሸታል?» እላቸዋለሁ። ቆም ብለው ዙሪያውን በደንብ ያዩና ይነግሩኛል። መንገዱን ያጠበበውን ባለ ነጭ አበባ ቁጥቋጦ «አሪቲ» አሉት። ዝናብ ያባራበትን ጫካ «አዲስ የተለቀለቀ ቤት» አሉት። ዳር ዳሩን የታጨደውን ሣር «ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ» አሉት። ወደቧ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሳልጠይቅ የማልመለሰው ጥያቄ አለ።

«ልጄስ?»

ፊታቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ሳብ ሳብ ያደርጋሉ። አንድ ቀን «ትኩስ ወተት» ይላሉ። አንድ ቀን «በሶ በማር»። አንድ ቀን ደግሞ «ፀሐይ ላይ የዋለ ነጠላ»። እነዚህን ይዤ ቤት እገባና ሳጠባት አንገቷ ሥር ሆኜ «በሶ በማር፣ በሶ በማር» እላለሁ። አንዳንዴ የሸተተኝ ይመስለኛል። ቆይቶ ግን ቃሉ እንጂ ሽታው እንዳልመጣ አውቀዋለሁ፣ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።

አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ነበር፤ የሚነግሩኝ ሽታ ሁሉ የድሮ ነው። የዚህን ጫካ ሽታ የዚህ ጫካ ብለውት አያውቁም። ጁላይ ላይ አንድ ቀን፣ ሁለት ፈረንጆች ከወደቧ በኩል አፍንጫቸውን ይዘው እየተጣደፉ አለፉን። «ምን ሸቷቸው ነው?» ስላቸው እትዬ ወደ ውሃው አዩና «እርጥብ ሣር ነው፤ አለርጂ ይኖርባቸዋል» አሉኝ። በሌላ ቀን ከእሳቸው ቤት ጭስ ሲወጣ ባለቤቴ ሮጦ ወርዶ ያረረ ሽሮ ከእሳት አወረደላቸው። «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» አሉት። አመንናቸው።

መስከረም ላይ የዳሙ ውሃ ጎደለ። ዳርቻው ወደ ኋላ ሸሽቶ ሰፊ ጥቁር ጭቃ ተዘረጋ፣ ወፎች ሰፈሩበት። ልጄ ከብዳለች፤ እትዬ ጀርባ ላይ ሆና ያገኘችውን ቅጠል ትነጫለች። ወደቧ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን የሆነ ነገር አፍንጫዬን ወጋኝ። ቆምኩ። መጀመሪያ ሽታ መሆኑን አላወቅሁም፣ ሕመም ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ገባኝ። ግማት ነው። የበሰበሰ ዓሣና የረጋ ጭቃ፣ ክፉ ግማት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እትዬ! ሸተተኝ! ሸተተኝ እኮ!»

እትዬ እልል አሉ። ጭቃው ላይ የነበሩት ወፎች ተነስተው በረሩ። «ተመስገን! ዳማ ከሴው ነው፤ አላልኩሽም?» ብለው ከመንገዱ ዳር ወዳለው ቢጫ አበባ በጣታቸው አመለከቱ። «ደስ አይልም ታዲያ? እንዴት ያውዳል!»

አበባውን አየሁት። ከዚያ እሳቸውን አየኋቸው። ከእግራቸው አጠገብ ሆዱን ወደ ላይ ያደረገ፣ ዝንብ የወረረው ትልቅ ዓሣ ተጋድሟል። እኔ አፍንጫዬን ይዣለሁ፣ የእሳቸው ፊት ግን ቅጭም አላለም።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «እርስዎ አይሸትዎትም።»

ዓይናቸው ወደ እግራቸው ወረደ። ዓሣውን ገና አሁን አዩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካንቺው ጋር ነዋ። ሾርባ ያመጣሁልሽ ሰሞን።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ካንቺ ያዘኝ ብዬ? ለአራስ ክፉ ነገር ይነገራል እንዴ?»

«እትዬ፣ ልጅቷ ጥርስ አብቅላለች እኮ! እስከ መቼ ነው አራስ የምሆነው?»

«እኔ በቃሽ እስክልሽ» አሉና ማዘያቸውን አጥብቀው መንገድ ቀጠሉ።

ከኋላቸው እየተከተልኩ አሪቲውን አስታወስኩ፤ የተለቀለቀውን ቤት፣ ቄጠማውን፣ በሶውን። ሁሉም እትዬ ከመታመማቸው በፊት የሚያውቁት ነበር። በዓይናቸው እያዩ፣ ካላቸው ላይ እያነሱ ሲሰጡኝ ነው የከረሙት። ልቆጣቸው አፌን ከፈትኩ፤ ፈርቼ ነበራ። የፈራሁት ግን ሌላ ነገር ነበር። ከኮቪድ ድነው አፍንጫቸው ሲመለስ ሁሉ ነገር የበሰበሰ ሆኖ የሸተታቸው ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ልጄ ከፊቴ ናት፣ አንድ እርምጃ ብቀርብ እደርስባታለሁ። የተመለሰልኝ ግማቱ ብቻ ቢሆንስ?

ወደቧ ላይ ነፋስ ነበር፤ ግማቱን ወደ ኋላችን ወስዶታል። እትዬ ጀልባዎቹን እያዩ ቆሙ። እንደምንም ደፍሬ ቀረብኩ፣ ልጄ አንገት ሥር ገባሁ፣ አሸተትኳት።

መጀመሪያ ዳማ ከሴ መጣ። ቀጥሎ የእትዬ ነጠላ፣ ሳሙናውና ላቡ። ከዚያ ከሁሉም ሥር፣ በአንገቷ እጥፋት ውስጥ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ስም ያላገኘሁለት ነገር። ወተት አይደለም፣ በሶም አይደለም። የልጄ ጠረን ነው። የአራስነቷ ጠረን ሄዷል፣ እሱን መቼም አላገኘውም፤ ይሄን ግን ደረስኩበት። የኮረኮርኳት መስሏት በሳቅ ተንፈራፈረች። እኔ አለቀስኩ።

«እስቲ» አሉ እትዬ፣ ሳይዞሩ።  «እኔም እኮ አላውቀውም። ምን ምን ትሸታለች?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከተወለደች ጀምሮ ያጠቧት፣ ያዘሏት፣ ያስተኟት እሳቸው ናቸው፤ አንድም ቀን ጠረኗን አላገኙትም። የሚመጥን ቃል ፈለግሁ። አሪቲ ልበል፣ ማር ልበል ብዬ ነበር። ተመልሼ አሸተትኳት።

«እትዬ እትዬ ነው የምትሸተው» አልኳቸው።

የጀልባዎቹ ገመድ ኪል ኪል ይላል። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ አሁንም ሳይዞሩ፣ «አንቺም መዋሸት ተማርሽ?» አሉኝ።

«እውነቴን ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።