ጥቁሩ ውሃ ከማን ግቢ ወረደ

ፖሊክሴኒ ታይፎይድ የያዛት ገና በልጅነቷ ነው። ያን ጊዜ ይህ የኤጂያን ባሕር ዳር መንደራችን የፍሳሽ መስመር አልነበረውም፤ የየቤቱ መጸዳጃ ወደምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ይሰርግ ነበር። እሷ ፀጉሯ ረግፎ ተረፈች። አብሯት የታመመው ታናሽ ወንድሟ ያኩሚስ ሞተ።

ካደገች በኋላ መንደሩ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሲሠራ፣ ለሥራው ቀድማ የቀረበችው እሷ ነበረች። «የሽታ እመቤት» የሚል ስም አወጡላት። እሷ ግን በገንዳው ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች እንደ ከብት ትጠብቃቸው ነበር። በብርዱ ወራት ቱሪስት ጠፍቶ ፍሳሹ ሲቀንስ «ዛሬም ተርበውብኛል» እያለች ታማርራለች።

እነዚህን ፍጥረታት የሚፈጃቸው ወይራ ሲጨመቅ ከዘይቱ ጋር የሚወጣው ጥቁር ውሃ ነው። ስለዚህ ወይራ በተለቀመ ቁጥር በየቤቱ እየዞረች «ውሃውን ወዴት ነው የምትደፉት?» ትላለች። ባለመጭመቂያውን ላዛሮስንማ መግቢያ መውጫ አሳጥታው ነበር።

አንድ ዓመት፣ በጥምቀት ዋዜማ፣ ገንዳው ጠቆረ። ባክቴሪያዎቹ አለቁና ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ወደቡ ወረደ። ፖሊክሴኒ በቀጥታ ቡና ቤት ገባች። ላዛሮስ ካርታ ይጫወታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጆቻችንን ልትጨርስ ነው?»

«ደግሞ ምን አረግኩ?»

«ጥቁር ውሃህን ለቀህብኛል!»

«የኔ ውሃ ኩሬዬ ውስጥ ነው። ሄደሽ እዪው። ካሻሽም ቅመሺው!»

«ዋሾ! በሰው ፊት ነው የምልህ፣ ዋሾ ነህ!»

ላዛሮስ ካርታውን አስቀምጦ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

የቀረውን ኋላ ራሷ ነግራኛለች። ለማረጋገጥ የፍሳሽ ጉድጓዶቹን ክዳን እየከፈተች ሽቅብ ወጣች። ከላዛሮስ መጭመቂያ በሚመጣው መስመር ጥቁር ነገር የለም። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል በሚያልፈው ግን አለ። ተከተለችው። የመጨረሻው ክዳን የራሷ ግቢ በር ላይ ነበር።

ባሏ ስታማቲስ ትንሽ መጭመቂያ ተውሶ ለዘመድ አዝማዱ ሲጨምቅ ሰንብቷል። እሷም ማታ ማታ አዲሱን ዘይት በዳቦ እያጠቀሰች በልታ «እጅህ ይባረክ» ብላዋለች።

«ውሃውን የት ደፋኸው?» አለችው።

«ጓሮ ካለው ቱቦ። ምነው? ከወይራ የወጣ ነገር ቆሻሻ ይባላል እንዴ? ቄሱ ሕፃን የሚቀቡበት አይደል?»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መንደሩን ሁሉ የጠየቀችውን ጥያቄ በገዛ ማዕዷ ላይ አልጠየቀችም።

«ክሴኒዬ፣ ስሚኝ» አለ ስታማቲስ። «ነገ ውሃው ቆሽሿል በያቸው፣ ይበቃል። ከማን እንደመጣ አትናገሪ። ሰዉ እንደሆነ ላዛሮስ ነው ብሏል።»

በማግስቱ ሕዝቡ ወደቡ ላይ ቆመ። በየጥምቀቱ ቄሱ ወደ ባሕር የሚወረውሩትን መስቀል ዘለው የሚያወጡት ጎረምሶች ልብሳቸውን አውልቀው በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ቄስ ፕሮኮፒስ መስቀሉን ሲያነሱ ፖሊክሴኒ ወደፊት ወጣች።

«አባ፣ አይወርውሩት። ውሃው ተበክሏል።»

«ላዛሮስ፣ ደስ አለህ?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ፊቷ ደም መሰለ።

«ላዛሮስ አይደለም። ከኔ ግቢ ነው የወረደው። ዘይቱንም በልቼዋለሁ። ትናንት ዋሾ ያልኩት በሐሰት ነው።»

ስታማቲስ መሬት መሬቱን ያያል። ቄሱ መስቀሉን በገመድ አስረው ባሕሩ ውስጥ ነከሩና አወጡት። ማንም አልዘለለም። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጠጋው ላዛሮስ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ። እስከ ዛሬም ሰላምታዋን በአንገቱ ብቻ ነው የሚመልሰው።

ከጎረቤት ከተማ ጣቢያ ባክቴሪያ ያለበት ዝቃጭ አስጭና አምጥታ ባክቴሪያዎቹን እንደገና አራባች። አሁን ጡረታ ላይ ናት። በቅርቡ፣ በሕይወትሽ ከሁሉ የሚበልጥብሽ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ጣቢያውን ትጠራለች ብዬ ነበር።

«ሐፍረቱ አልለቀቀኝም፣ እንዲለቅቀኝም አልፈልግም» አለችኝ። «በላዛሮስ በር ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። ይገባኛል። ግን ያን ዕለት ልጆቹ ውሃ ሳይነካቸው ልብሳቸውን መልሰው ሲለብሱ አየሁ። አንደኛው የሹራቡ እጅጌ ጠፍቶበት ሲታገል ቁርጥ ያኩሚስን መሰለኝ። ልጁ ሳይረጥብ፣ በደኅና ቤቱ ገባ። ለኔ ከዚያ የሚበልጥ የለም።»