ከእናቴ ጡት የቀረው ልጅ

አክስቴ ሱልጣና ሳልህን አግብታ አሥር ዓመት ያህል ስትኖር አልወለደችም። ሾላ ገበያ ውስጥ ይህን ያላወራ ሰው አልነበረም። ከእሷ ሽንኩርት ሊገዛ የመጣ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያየው ሆዷን ነበር። ሳልህ በርበሬና ኮረሪማ ይነግዳል። በሚዛኑ የሚታማ ሰው አልነበረም፤ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ እንኳ የሰው ሐቅ እንዳይቀርበት ብሎ አንድ ጭብጥ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ደስ ይላል። ባል ሲሆን ግን፣ ኋላ እንዳየሁት፣ ከባድ ነው።

አክስቴ ያልሞከረችው አልነበረም። ዱዓ አስደርጋለች፣ የተቀቀለ ሥር ጠጥታለች፣ ወገቧን ታሽታለች። ጎረቤቷ ጥሩብርሃን ነጠላ አልብሳ በማለዳ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይዛት ወጥታለች። ከዚያ ስትመለስ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ነገሩን ለሳልህ በገዛ አፏ ነገረችው። ሳልህም፣ «አላህ ይማርሽ፤ ለመሆኑ ውሃው ይቀዘቅዛል?» አላት። ሁለቱም ሳቁ። እንዲያ ይሳሳቁ ነበር በዚያ ዘመን።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደው ሁለቱም ተመረመሩ። ችግሩ ከሳልህ መሆኑ ተነገራቸው። ሌላ ወንድ ቢሆን ውጦ ዝም ይልና ሚስቱን እያሰደበ ይኖር ነበር። ሳልህ ግን ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። እህቱ ዘሙሩድም እዚያ ነበረች። «የማልወልደው እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሱልጣናን ቀና ብሎ የሚናገራት እንዳልሰማ» አላቸው። አክስቴን ደግሞ አስቀመጣትና፣ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ልፍታሽ፤ ሌላ አግብተሽ ውለጂ። ሐቅሽ ነው» አላት።

«ያንተን ነበር የምፈልገው» አለችው። «ያንተ ካልሆነ የሌላ ሰው ወልጄ ምን ላደርገው ነው? ይልቅ ልጅ እናሳድግ።»

ሳልህ ለወራት አመነታ። የሰው ልጅ አሳድጎ የራስ ማለት በሃይማኖቱ እንደማይፈቀድ ያውቃል፤ ልጁ በወላጅ አባቱ ስም መጠራት አለበት። ግን እሷ ማህፀኗን ለእሱ ስትል ዘግታ ስትቀመጥ እንዴት እንቢ ይበላት? በስተመጨረሻ እሺ አለ። ጊዜው ስልሳ ሰባት ነው፤ ንጉሡ ወርደው ደርግ ከገባ ገና ጥቂት ወሩ ነው።

እማማ ሎሚ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ወርደው ለአክስቴ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ልጃቸው በወሊድ ሞተችባቸው። የሕፃኑ አባት ወታደር ነው፤ አስመራ ዘምቶ የውሃ ሽታ ሆኗል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጀርባቸው እንጨት፣ በደረታቸው ሕፃን ይዘው ዳገቱን ወርደው አክስቴ ደጃፍ ቆሙ። ልጅ እንደምትፈልግ ሰምተዋል።

«ሁለቱን መሸከም አቃተኝ ልጄ። እንጨቱን ብጥለው እሱም እኔም አንበላም» አሏት።

ከጎረቤት አንዷ፣ «የክርስቲያን ልጅ አይደለም እንዴ?» ስትል እማማ ሎሚ ዞረው አዩዋትና፣ «ለሃይማኖቱ ፈጣሪ ያስብለት፤ እኔ ያሳሰበኝ ሆዱ ነው» አሏት።

አክስቴ ተቀበለችው። ሳልህ ሸሪፍ ብሎ ስም አወጣለት።

እዚህ ላይ እኔ እገባለሁ። ያን ጊዜ እኔም ጡት የምጠባ ሴት ሕፃን ነኝ። እናቴ መብሩካ የሱልጣና ታናሽ እህት ናት፤ ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበር። የእናቴ ወተት ከእኔ ተርፎ ቀሚሷን ያበሰብስ ነበር ይላሉ። የሳልህ እህት ዘሙሩድም አራስ ነበረች፤ የምትኖረውም እዚያው ሳልህ ግቢ ውስጥ ነው። በእኛ ሃይማኖት የሚያሳድጉትን ሕፃን ከዘመድ ጡት ያጠቡታል፤ ያጠባችው እናቱ ትሆናለች፣ የእሷም ወገን ሥጋ ዘመዱ ይሆናል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም የማያውቀው የማን ወገን ጡት መሆን እንዳለበት ነው።

ያን ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ፣ ልጁ በረሃብ ያለቅሳል። ፈረንሳይ ድረስ ማን ይውጣ? ዘሙሩድ ደረቷን ከፈተችና ሰጠችው። ጠባ፣ ተኛ። ሁሉም አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ በኋላም ጡት እስኪተው ድረስ ያጠባችው እሷው ናት።

ሸሪፍ የአክስቴ ጥላ ሆኖ አደገ። ሾላ ስትሄድ ቀሚሷን ይዞ ነው፤ ስትቀመጥ ጭኗ ላይ ነው። የጠጉሯን ጫፍ ጣቱ ላይ ሳይጠመጥም እንቅልፍ አይወስደውም። እማማ ሎሚ አልፎ አልፎ ስለሚጠይቁት ከማን እንደተወለደ ያውቃል፤ አውቆም ግድ አልነበረውም። «እሚ» የሚለው አንዷን ነው።

ሸሪፍን አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ ሳልህ መስጊድ ውስጥ ለሌላ ጉዳይ አንድ ሸህ ያነጋግራል። ወሬ ወሬን አንሥቶት የልጁን ነገር ነገራቸው። ሸሁ ደግ ሰው ነበሩ፤ ቀስ ብለው ጠየቁት። ካጠባችው እህቱ መሆኗን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። «አንተ አጎቱ ሆነሃል። ሚስትህ ግን ለልጁ ባዕድ ናት። የእሷ እህት አጥብታው ቢሆን አክስቱ ትሆን ነበር» አሉት።

«አሁን የሚደረግ ነገር የለም?»

«ጡት የሚቆጠረው እስከ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ሳልህ መደበቅ የማይችል ሰው ነው። ቤት ገብቶ ሁሉንም ነገራት፤ ሲነግራት ያለቅስ ነበር። ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ጠጉሯን ልትሸፍንበት ነው፤ ማቀፍም መሳምም ሊቀር ነው። አክስቴ ባሏን ብትፈራ ኖሮ ቀላል ነበር፤ እሱ ሳያይ ልጁን ታቅፈው ነበር። የፈራችው አላህን ነው። ወንጀሉ፣ ኃጢአቱ፣ በልጁም ላይ ይቆጠርበታል ብላ ፈራች።

«እንግዲያው ምክንያቱን እንንገረው» አላት ሳልህ።

«ምን ብዬ? አንተ ለእኔ ባዕድ ነህ ብዬ? በየትኛው አፌ?» አለችው።

አልነገሩትም። እኔ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው። አንድ ቀን እሚ በገዛ ቤቷ ተሸፋፍና ተቀመጠች፣ ሊስማት ሲመጣ ራሷን አዞረች፤ አለቀ። ታይፎይድ ይዞት በተኛ ጊዜ ገላውን የምታጥበው ዘሙሩድ ነበረች። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ግንባሩን ደግሞ አርጥቢለት፤ ከአንገቱ ሥር አልደረስሽም» ትላለች። ሸሪፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከበሽታው ሲነሣ የሚስቅ ልጅ አልነበረም። አንድ ጊዜ እኔን፣ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ነገሩን እኔም ያን ጊዜ አላውቅም።

በሰማንያ ሦስት፣ ጦርነቱ በከፋበት ክረምት ማግሥት፣ አፈሳው እኛም ሰፈር ደረሰ። ደርግ ሰው አልቆበታል፤ ጺም ያላበቀለውን ሁሉ ከመንገድ ያፍሳል። ሸሪፍን ከሾላ በርበሬ ተሸክሞ ሲመለስ ያዙት። ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሳልህ ቀበሌ ሄዶ ለመነ፤ የሚሰማው አጣ።

በማግሥቱ ጠዋት አክስቴ፣ ሳልህና እኔ ቀበሌው በር ላይ ቆመናል። ልጆቹን ኦራል ላይ ጭነዋቸዋል። ሸሪፍ ከጠርዙ ነበር። ሲያየን ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ታች ዘረጋ። የዘረጋው ለእሷ ነው። አክስቴ እጇን ከሻርፗ ሥር አወጣች፤ መልሳ አስገባች። ሸሪፍ የተዘረጋ እጁን ትንሽ አቆየና ሰበሰበው።

ያን ጊዜ ሳልህ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «እቀፊው! ሱልጣና፣ እቀፊው! ወንጀሉ በእኔ ይሁን!»

ሮጠች። ሻርፗ መሬት ወደቀ፤ አላነሣችውም። አንዱ ጠባቂ በሰደፍ ደረቷን ገፋ አደረጋትና በአህያ ፍግ ላይ ተቀመጠች። ስትነሣ መኪናው ተንቀሳቅሷል። ሸሪፍ እኛን አያይም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የቆመው።

ግንቦት ላይ ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በባዶ እግሩ ከተማ ገባ። አክስቴ መገናኛ እየወጣች ታያቸዋለች፤ የተኛውን ሁሉ ጎንበስ ብላ ፊቱን ታያለች። ሸሪፍ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። እማማ ሎሚ በዚያው ዓመት ግንቦት ሳይደርስ ስላረፉ ይህን አላዩም።

ሳልህ ሱቁን ለዘሙሩድ ልጅ ሰጥቶ ቤት ዋለ። አንድ ቀን እኔ እዚያው እያለሁ ከወንበሩ ተነሥቶ እግሯ ሥር ወደቀ። «አውፍ በይኝ» አላት።

አክስቴ አነሣችውና አቧራውን ከጉልበቱ ላይ አራገፈችለት።

«አንተን አውፍ ብያለሁ። አንተማ የሰማኸውን ነው የነገርከኝ» አለችው። «እሱ ግን ስላልወለድኩት የጠላሁት መስሎት ነው የሄደው።»