ማተብ የሌለው አጎቴና የኅዳር ሚካኤል ሩዝ

በእኛ አገር የሚታመን ሰው ባለማተብ ይባላል፤ የማይታመነው ደግሞ ማተብ የለውም ይባላል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ግን ከነጭራሹ ማተብ የለውም። በጎረምሳነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አገር ላገር ሲዞር ክሩን ከአንገቱ በጥሶ ጣለው። ለምን ብለን ደጋግመን ጠይቀነዋል። «አሳከከኝ» ይላል፣ አለቀ። ከተመለሰ ወዲህ ጾም አይጾምም፣ ቤተ ክርስቲያን አይሳለምም። ሰው ሲሞት ግን መቃብር ለመቆፈር የሚቀድመው የለም፤ የታመመ ሰው ቃሬዛም ያለ እሱ ትከሻ ከሰፈራችን ወጥቶ አያውቅም።

እናቴ ስለ ወንድሟ ስታዝን ኖራለች። «እግዜርን የማይፈራን ሰው ምን ይይዘዋል? በሬ እንኳ ካልታሰረ የሰው እህል ይገባል» ትላለች።

«የአንቺ ቀዩ በሬ ታስሮም አይዶል ገመዱን እየበጠሰ የሰው ጓያ የሚገባ?» ይላታል አጎቴ። እናቴም በሬዋ ስለተነካ እምነቱን ትታ ስለ በሬው ትጣላለች።

እኔ ወረታ ውስጥ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያይበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የሩዝ መፈልፈያ ቤት አለኝ። በዚህ ነገር ላይ የራሴን ያህል አይቻለሁ። ሚዛን እንዲያነሳለት ሩዙን ውሃ ረጭቶ ሊሸጥልኝ የመጣው ሰውዬ ማተቡ እንደ ገመድ የወፈረ ነበር። የሰው ጆንያ በስሕተት ይዞ ሄዶ፣ ከይፋግ ድረስ መኪና ተሳፍሮ የመለሰው ሽማግሌም ባለማተብ ነበር። ስለዚህ ሰው ሲመጣብኝ አንገቱን አይቼ አላውቅም፤ እጄን ጆንያው ውስጥ ከትቼ እርጥበቱን እዳስሳለሁ። እናቴ ይህን ስነግራት «አንቺም የእሱ ደቀ መዝሙር ሆንሽ» ብላ ትቆጣኛለች።

እናቴ የምትኖርበት ሰፈር ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። እዚያ በዓል መሻር የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። በማርያም ወይም በሚካኤል ዕለት ሥራ የሠራ ሰው በረዶ ያመጣል ተብሎ ይፈራል፤ በረዶው ደግሞ የማንን ማሳ እንደሚመታ አይታወቅም። አንድ ዓመት አጎቴ በማርያም ዕለት አጥሩን ሲያጥር ዋለ። በሳምንቱ በረዶ ወርዶ የጎረቤታችንን ጤፍ አስተኛው። የአጎቴን ማሳ አልነካውም፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ አጎቴን አስጠራው። እኔም እናቴም ነበርን። አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«በረዶው ኸእኔ አልመጣም፤ ይኸን አውቃለሁ» አለ። «እናንተ ግን እንቅልፍ አጣችሁ። እንግዲህ ሰፈሩ በሚያከብረው ቀን ማጭድም ዶማም አልነካም።»

«ማል!» አሉት ሽማግሌዎቹ።

«በምን ልማል? የማላምንበትን ጠርቼ ብምልላችሁ ያኔ ነው የዋሸኋችሁ። ቃሌን ሰጥቻችኋለሁ።»

ጤፉ የተመታበት ጎረቤታችን ሳቀ። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ሲስቅ ውሻ ያስጮኻል። «የማተብ የለሽ ቃል! ይኸማ ጉም መዝገን ነው» አለ። ሌላ የሚያደርጉት ስላልነበራቸው ግን ቃሉን ተቀብለው ተበተኑ።

ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን አጎቴ ደጁ ላይ ካለው ግንድ አይነሳም። እግሩን ዘርግቶ ሸንኮራ እየላጠ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለሚያልፈው ሰው ሁሉ «ለእኔም ጸልዩልኝ፤ ሥራ ፈትቼላችኋለሁ!» ይላል። ሰው ይስቃል። እናቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ እንዳልሰማች ሆና ታልፋለች።

አምና ኅዳር ላይ እናቴ ቸኮለች። ችኮላ በቤታችን የዘር ነው። ወንፈል ጠርታ ሩዟን ከሰው ሁሉ ቀድማ አሳጨደች። የጎረቤቶቿ ሩዝ ገና እንደቆመ ነበር፤ የእሷ ብቻ ታጭዶ፣ ይደርቅ ዘንድ ማሳው ላይ ተኝቷል። ኅዳር ዝናብ የለበትም ይላል ያገሬ ሰው፤ ዝናቡ ግን ያገሬን ሰው መስማት ከተወ ቆይቷል። የታጨደ ሩዝ ዝናብ ከመታው ይጠቁራል፣ ያቆጠቁጣል፤ መፈልፈያ ሲገባ ደግሞ ይደቃል። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ያላት ያቺ አንዲት ማሳ ናት። የዓመት ቀለቧም፣ ከሰው እጅ ሳትጠብቅ ቀና ብላ የምትኖርበትም እዚያ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር።

በሚካኤል ዕለት ከወረታ በባጃጅ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ተመለስን፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። የመጀመሪያውን ጣሳ ሳልጨርስ ከጣና በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እናቴ ወጣች፣ ገባች፣ ደግማ ወጣች። ስልኬን ከፍቼ አየሁ፤ እሱም ዝናብ ይላል።

«ዝጊው ይኸን!» አለችኝ፣ ደመናውን ያመጣው ስልኬ ይመስል።

ከዚያ ወደ አጎቴ ደጅ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። አጎቴ እንደ ልማዱ ግንዱ ላይ ተቀምጧል።

«ወንድምዓለም፣ ሰማዩን አየኸው?»

«አየሁት፣ እታለም። ይዘንባል።»

«እኔማ ምን አደርጋለሁ፣ በዓል ነው» አለችና ነጠላዋን ታሻሽ ጀመር።

«አዎ፣ በዓል ነው።»

«ለአንተ ግን...»

«ለእኔ ግን ምን?»

እናቴ ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለአንተ በዓል አይዶለም።»

ዕድሜዋን ሙሉ በዓል አክብር እያለች የለመነችው ሴት ናት! ሳቄ መጣ፣ ግን የእናቴን ፊት ሳይ ተውኩት። ዓይኗን ከደመናው አልነቀለችም።

አጎቴ ሸንኮራውን አስቀመጠ። «ቃል ሰጥቻለሁ» አለ።

«ለማን?»

«ለሰፈሩ። አንቺም ነበርሽ።»

በዚህ ጊዜ እኔ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ቃልህ ይቆይና ሩዙ ይግባ! እህትህ አይደለችም? የትኛው ሃይማኖት ነው የሚከለክልህ?» ብዬ ጮኽኩበት። በጣም ተናድጄ ነበር። ማተብ የለውም የሚሉት እውነታቸውን ነው አልኩ በሆዴ።

አልተቆጣኝም። «አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ ቢሆንማ ማን ሥራ ብሎ ይለምነኝ ነበር?» አለ። «የጎረቤታችን ጤፍ ሲተኛ ነው ቃሌን የሰጠሁ። ዛሬ የእህቴ ሩዝ ነው ብዬ ቃሌን ከበላሁ፣ ያኔ ማላገጤ ነበር። የሰጠኋቸው ሰዎች ይፍቱኝ፤ ኸዚያ ኸእኔ ቀድሞ ማሳው የሚደርስ ካለ አያለሁ።»

እናቴ ከዚያ ወዲያ አላዳመጠችም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሮጠች። የንስሐ አባታችንና ሽማግሌዎቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ የሚካኤል ጠበል ጸዲቅ የዚያ የባለ ትልቅ ድምፁ ሰውዬ ተራ ነበር። እናቴ በሩ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻቸው።

ክርክሩ ወዲያው ጦፈ። አንደኛው ሽማግሌ «ሠርቶ በረዶ ቢያመጣብንስ? የእኛ ገና ቆሞ ነው ያለው» አሉ። ሌላኛው ደግሞ «እሱ እንደሁ በፊትም ኃጢአተኛ ነው፣ አንድ ቢጨመርበት ምን ይጎዳዋል? ፈትተን እንላከው» አሉ። ብዙዎቹ በዚህ ተስማሙ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስማምቼ ነበር፤ ደመናው እየቀረበ ነዋ።

የንስሐ አባታችን ጣሳቸውን መሬት አስቀመጡ። ቁጡ ሰው አይደሉም፣ ያን ቀን ግን ተቆጡ።

«ግሩም ነው!» አሉ። «ኃጢአቱን ለእሱ፣ ሩዙን ለእኛ! አሁን በክረምቱ ጎርፍ ሲመጣ ሰንበት አልነበረም ወይ? ማነው ሰንበት ነው ብሎ ላሙን ጎርፍ ያስበላ? እኔም ራሴ ጥጃ ተሸክሜያለሁ። የዚህች ሴት ሩዝ ኸላም በምን ያንሳል?»

«እንግዲያ ይሥራ ይላሉ አባ?» አለ ጎረቤታችን።

«እሱ ይሥራ አላልኩም። ተነሱ ነው የምላችሁ» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀድመው ወጡ።

ቄስ ወጥቶ ማን ይቀመጣል? ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ እንደለበሰ ግር ብሎ ተነሳ። በአጎቴ ደጅ ሲያልፉ እሱ አሁንም ከግንዱ አልተነሳም።

«ተፈትተሃል!» አለችው እናቴ ከሩቅ።

«ሁሉም ፈቱኝ?»

«ሁሉም!»

አጎቴ ሰዉን እያየ ጤፉ የተመታበትን ጎረቤታችንን ፈለገ። «እሱስ?» አለ።

ጎረቤታችን መንሽ ተሸክሞ ከኋላ ይመጣ ነበር። ከሰው ሁሉ በረዶ የሚፈራው እሱ ነው፤ ደመና ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል። ቆም ብሎ አጎቴን አየው። «ተነስ እንጂ አንተ ሰውዬ!» አለ በዚያ ድምፁ። «እኔ ኸፈታሁህ ማን ያስርሃል?»

አጎቴ እንደ ወጠጤ ዘለለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አዝመራ አላየሁም። ሴቱ በበዓል ቀሚሱ፣ ወንዱ በጋቢው ነዶ ተሸክሞ ይሮጣል። የንስሐ አባታችን ከታች ያቀብላሉ፣ አጎቴ ክምሩ ላይ ወጥቶ ይደረድራል፤ ነዶ በተቀባበሉ ቁጥር ቄሱ «ይባርክህ» ይሉታል፣ እሱም «አሜን» ይላል። «አሜን ማለት ማን አስተማረህ?» ቢሉት «ነዶ እንዳይወድቅብኝ ብዬ ነው» አላቸው። ሲከምሩ ሳቁ፣ ሸራ ሲያለብሱ ሳቁ። የሸራው ጫፍ በድንጋይ ሲያዝ እናቴ እልል አለች።

ከዚያ ሁላችንም ቆመን ዝናቡን ጠበቅን። አንድ ጠብታ አልወረደም። ደመናው በላያችን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ተራራ ሄደ፣ ፀሐይም ወጣች።

«በዓላችሁን በከንቱ ሻራችሁ» አለ አጎቴ ክምሩ ላይ እንደተቀመጠ።

«ሚካኤል መልሶልን ነው!» አለች እናቴ።

«ነፋስ ነው የመለሰው።»

«ነፋሱን ማን ላከው?»

እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የተቋረጠው ጠላ ግን እዚያው ማሳው ዳር መጥቶ ተጠጣ፤ እናቴም ለወንድሟ በእጇ ቀዳችለት።

«ሚካኤልን ካልፈራህ ማንን ፈርተህ ነው እኔ እየለመንኩህ ቁጭ ያልከው?» አለችው።

«እናንተን ነዋ! በረዶ ቢወርድ ሚካኤል እኔ ቤት አይመጣም፤ እናንተ ናችሁ የምትመጡት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀው ጎረቤታችን ነው፣ ውሾቹም ጮኹ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ጣሳውን ደግማ ሞላችለትና ሲጠጣ ታየው ጀመር። በውስጤ የነበረው ንዴት የት እንደገባ አላውቅም፤ ልቤ በደስታ ሞልቶ ነበር። በሚቀጥሉት ቀናትም በረዶ አልወረደም፤ የሰፈሩ ሩዝ ሁሉ በሰላም ገባ።

ሩዙ ተወቅቶ ሲያበቃ እናቴ እንደየዓመቱ በኩራቷን፣ ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠውን፣ ልትሰፍር ተነሳች። ጆንያውን የያዝኩላት እኔ ነኝ። የወትሮዋን ሰፍራ ስትጨርስ ልቋጥረው ስል እጄን ያዘችኝና ያንኑ ያህል ደገመችው።

«ይሄ የማን ነው?» አልኳት።

«የወንድሜ» አለች በሹክሹክታ። «እንዳትነግሪው፤ ይስቃል።»

ጆንያውን እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያደርስላት ሁልጊዜ አጎቴ ነው። ከበሩ አያልፍም፤ እዚያው ያወርድና ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ያን ቀንም ተሸክሞ አደረሰው፣ ዲያቆኑ ተቀብሎ አስገባው፣ እናቴም ተከትላ ገባች። እኔ ከአጎቴ ጋር ውጭ ቀረሁ። አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ምን ተሸክመህ እንደመጣህ ታውቃለህ?»

«የራሴን በኩራት» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ወገቤ። ስንት ዓመት ሙሉ ተሸክሜላታለሁ፤ ዘንድሮ እጥፍ ሆኖ መጣ።»

«ታዲያ አውቀህ ለምን ተሸከምክላት?»

በበሩ ውስጥ እናቴ ትታይ ነበር፤ ግንባሯን የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ደፍታ ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። አጎቴ ትከሻውን እያሸ አያት።

«ስለ እኔ ስታስብ እንቅልፍ የላትም» አለ። «ይኸን ኸሰጠች ትተኛለች።» ከዚያ ተነስቶ ባርኔጣውን አራገፈና ወደ እኔ ዞረ። «ግን ንገሪያት፤ ለከርሞ እምነቷ ኸዚህ ኸጨመረ አህያ ትከራይ።»