ኑርሀያት ያስተማረችው መብራት

ስለ ኑርሀያት ሌላ ሰው ቢጽፍ ይሻል ነበር። እኔ ሀሚዱ የአዳራሹ ዘበኛ ነኝ፤ መዝገብ ላይ የገቢና የወጪውን ስም ከመሙላት በቀር ብዕር አላበዛም። ግን ያየሁት እኔ ነኝ። ዝም ያልኩትም እኔ።

ኑርሀያት የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት። ዱባይ ሰባት ዓመት ኖራለች። መጀመሪያ የሠርግ አዳራሽ ወለል ትወለውል ነበር፤ ኋላ ለመብራት ሠራተኞቹ መሰላል እየያዘች ሙያውን ለመደች። በ2015 ስትመለስ አራት መብራትና አንድ ኮምፒውተር ይዛ መጣች። «አምፖል ደግሞ ከዱባይ ይጫናል?» ብለው ሳቁባት።

አዳራሻችንን ጦርነቱ ወንበሩንም ሽቦውንም በልቶት ነበር። ተጠግኖ ሲያልቅ፣ በምርቃቱ ቀን ያለቁት ልጆቻችን ይታሰቡ ተባለ። የአዳራሹ አስተባባሪ ሰዑድ ኑርሀያትን ጠራት።

«ይኸ ካማረ ቋሚ ሥራ አለሽ። ካላማረ መንገድሽን ታውቂዋለሽ።»

መንገዷ ዱባይ ነው። እናቷ እማማ መስኡዳ ግን ዓይናቸው እየደከመ ነበር፤ ዳግመኛ ጥያቸው አልሄድም ብላ ምላለች።

ሦስት ቀን ሙሉ መብራቱን አስተማረችው። የመድረኩን አራት ጥግ በኖራ ምልክት አድርጋ፣ እኔን በየጥጉ አቆመችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዘፋኙ ላይ ጣት የምታህል ጠቋሚ ትሰካለች። ጠቋሚዋ እኛ የማናየው ብርሃን አላት፤ ጣሪያው ላይ ያሉት ካሜራዎች ግን ያዩታል። መብራቶቹም እሷ ወደ ሄደችበት ራሳቸው አንገታቸውን ያዞራሉ።

«ተራመድ ሀሚዱ!» ትለኛለች። እራመዳለሁ፤ መብራቱ ይከተለኛል። አፍሬ ቁጢጥ ስል እሱም ዝቅ ይላል።

«ያረቢ! ከመብራት የሚደበቅ ዘበኛ! ጎንበስ ብለህ ሂድ፣ እትዬ ተሻለች አጭር ናቸው። በአንተ ቁመት ካስተካከልኩት ፊታቸውን ትቶ ጣሪያ ያበራል።»

እትዬ ተሻለች የአምባሰል ዘፋኝ ናቸው። ሁለት ልጆቻቸው በጦርነቱ ቀርተዋል። የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ በዜማ ሊጠሩ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከዙህር ሶላት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ኑርሀያት ጠቋሚዋን ሰጠችኝ። «ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አድርገህ ቀሚሳቸው ላይ ስካ። ነጠላው ላይ እንዳታደርጋት፣ ይንሸራተታል!»

እሺ አልኩ። እትዬ ተሻለች ፊት ስቆም ግን አፈርኩ። የሰው እናት፣ ያውም ሐዘንተኛ፣ እንዴት አንገታቸው ስር እጄን ልስደድ? «እርስዎ ይስኳት» ማለትም አልወጣልኝም። ጠቋሚዋን ነጠላው ጫፍ ላይ ሰካ አድርጌ ወረድኩ።

ዜማው ተጀመረ። መብራቱ እንደ ልጅ ተከተላቸው፤ ሰዉ አለቀሰ። መሃል ላይ አዳራሹን ሊመርቅ የመጣው የክብር እንግዳ ካሜራ ያዦች አስከትሎ መድረክ ወጣና ጋቢ አለበሳቸው። እትዬ ተሻለች ግን ለለቅሶ ዜማ ሽልማት አይለብሱም። ጋቢውን አውልቀው ለራሱ ደረቡለት። «እርስዎ ይልበሱት። እኔ ልጆቼን ልጨርስ።»

ጠቋሚዋ በጋቢው ዘርፍ ተጠላልፋ አብራ ሄደች።

መብራቱም ሰውየውን ተከትሎ ወረደ። ለክብሩ መሰለውና ፈገግ አለ! እትዬ ተሻለች ጨለማ ውስጥ ስም ይጠራሉ፤ እሱ ብርሃን ውስጥ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ብዙም አልቆየ፤ ተነስቶ ወደ ጎን በሩ ሾለከ። መብራቱ እግር በእግር ተከተለው።

«የት ነው የሚሄደው?» አለ አንዱ።

«የልጆቹ ስም ተጠርቶ ሳያልቅ!» አለች ሌላዋ።

ጋቢውን በሩ ላይ ወርውሮ ወጣ። ኑርሀያት በእጇ መብራቱን ወደ መድረኩ ስትመልሰው የእትዬ ተሻለች ልጆች ስም አልፎ ነበር።

ሰዑድ ጮኸባት። «ሆን ብለሽ ነው! ማነው የላከሽ?»

«ጠቋሚዋ የት ናት?» አለች ወደ እኔ ዞራ።

ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከጋቢው ላይ ለቅሜያታለሁ፤ ክሩ እንደተጠመጠመባት። «አላውቅም» አልኩ። ሰዑድ አሰናበታት፤ መብራቶቿንም መጋዘን አስከተተ፤ ጓጉንቸሩን የገጠምኩትም እኔው ነኝ።

በአራተኛው ቀን እማማ መስኡዳ ግድግዳ እየዳበሱ መጡ። «ሀሚዱ ልጄ፣ አንተ ነበርክ አሉ። ልጄ ሆን ብላ ነው?»

እዚያው ትቻቸው ሰዑድ ቢሮ ገባሁ። ጠቋሚዋን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ነጠላው ላይ የሰካኋት እኔ ነኝ። ይኸውልህ የጋቢው ክር።»

«ታዲያ ምን ላድርግህ? እንግዳው ተቆጥቷል። አንድ ሰው መቀጣት ነበረበት፤ ተቀጣ።»

እኔ ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ጮኽሁ። «ሰውየውን መብራቱ አሸሸው እንዴ? ሲሸሽ አሳየው እንጂ!»

«ድምፅ አለህ ለካ!» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ አናደደኝ። መጋዘኑን ከፍቼ አንዱን መብራት ተሸከምኩ። «ማን ፈቀደልህ?» እያለ ከኋላዬ ይጮሃል፤ ዞሬም አላየሁት።

ኑርሀያት የቤታቸውን በር ከፈተችልኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ይቅር አላለችኝም።

«አራት ቀን!» አለች። «አራት ቀን ኪስህ ውስጥ!»

መብራቱን ነጥቃ መስተዋቱን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች፤ ስንጥቅ ፈለገች።

«ምን ትገተራለህ? ለእነሰዑድ ብዬ ዱባይ የምሄድ መስሎሃል? ሂድና የቀሩትን ሦስቱን አምጣ!»