መኪናውን ያስቆሙት እናት

ከሚዛን ወደ ቴፒ ስንሄድ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ሰፊ የወንድ ካፖርት ደርበው የላስቲክ ጫማ ተጫምተዋል። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ስላደረ፣ ሌላ ጊዜ ዶሮ የሚሻገረው ጅረት ሞልቶ መንገዱን ሸፍኖታል። ሹፌሩ «ጥልቅ አይደለም፣ እናልፋለን» ሲል እናትየው ወርደው መኪናው ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ከውሃው ሥር ያለው መንገድ ይታይሃል?»

«አይታየኝም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምኑን አምነህ ትገባለህ?»

ሹፌሩ እየተነጫነጨ ሞተሩን አጠፋ። እሳቸው ከዘንቢላቸው ሙዝ አውጥተው ለሁላችንም አደሉን፤ የሹፌሩን ኩርፊያ እያስመሰሉ እሱን ራሱን ሳይቀር አሳቁት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ውሃው ሲጎድል የመንገዱ እኩሌታ ተንዶ ሄዷል። ሹፌሩ ራሱን ይዞ ቀረ። ልናመሰግናቸው ዘወር ስንል፣ እሳቸው ለብቻቸው ፈቀቅ ብለው ቆመው ውሃውን እያዩ የማናውቀውን የአንድ ወንድ ስም ቀስ ብለው ሲጠሩ ሰማን። ወዲያው ግን እየሳቁ ወደኛ ተመለሱ።

«በሉ ግቡ፣ እንመለስ! ዛሬ ምሳችን ሚዛን ነው።»